የነርቭ ጫፍ መልእክቱን የሚለቀው እንዴት ነው? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎጃም የጤና ተማሪዎችን ፊዚዮሎጂ ሳስተምር፣ የነርቭ ሥርዓት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ የስሞቹ ብዛት ብዙም አያስቸግረንም። ስም ይጠናል። የሚያስቸግረው ተማሪው ከሁለተኛ ደረጃ ይዞት የሚመጣው አንድ መስመር ነው፦ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ነርቩ ጫፍ ይደርሳል፣ ኒውሮትራንስሚተር የሚባለው መልእክት ተሸካሚ ኬሚካል ይለቀቃል፣ ቀጣዩ ሴል ይቀበላል፣ አለቀ። መስመሩ ሐሰት የለበትም፤ ግን ዋናውን ሥራ ዘልሎት ያልፋል። መቼ እንደሚለቀቅ፣ ምን ያህል እንደሚለቀቅ፣ መቼ እንደሚቆም የሚወሰነው በአብዛኛው እዚያው ጫፉ ላይ ነው።

በየጤና ጣቢያው የሚሰጡ ብዙ መድኃኒቶች፣ በየቤቱ የሚፈላው ቡና፣ የሚቃመው ጫት፣ ማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ ሁሉ የሚሠሩት ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ ገደማ በምትሆን በዚች ጫፍ ላይ ወይም በአጠገቧ ነው። ጫፉ ላይ ነው ወይስ ከጫፉ ወዲያ? ይህን ያልለየ ሰው መድኃኒቱንም መርዙንም ያምታታል። ከዚህ በታች ያሉት በክፍልም በሆስፒታልም ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች ናቸው።

«ምልክት በደረሰ ቁጥር ይለቀቃል»

ከሁሉም የተስፋፋው ይህ ነው። በአንጎል ውስጥ ያለ አንድ የነርቭ ጫፍ ምልክት ሲደርሰው ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይለቅ ይቀራል። ለማስታወስ ወሳኝ በሆነው ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ከተለኩት ጫፎች የብዙዎቹ የመልቀቅ ዕድል ከ10 እስከ 40 በመቶ ባለው ውስጥ ይወድቃል። ዕድሉ 20 በመቶ የሆነ ጫፍ 10 ምልክት ቢደርሰው በአማካይ የሚለቀው ለ2ቱ ብቻ ነው፤ ሲለቅም አብዛኛውን ጊዜ ኒውሮትራንስሚተር የታጨቀበት አንድ ደቃቅ ከረጢት ነው።

ስህተቱ የሚመጣው ከጡንቻ ነው። መማሪያ መጻሕፍት ይህን ትምህርት የሚጀምሩት ነርቭ ከጡንቻ በሚገናኝበት ቦታ ነው። እዚያ አንድ ምልክት በአንድ ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠሩ ከረጢቶችን ያስለቅቃል፤ በእንቁራሪት ጡንቻ ከመቶም ያልፋል። እግር እንዲነሳ የታዘዘ ጡንቻ አንዳንዴ ብቻ ቢታዘዝ መራመድ አይቻልምና እዚያ ትርፍ ያስፈልጋል። የአንጎል ሴል ግን በሺዎች ከሚቆጠሩ ጫፎች መልእክት ይቀበላል፤ የሚወስነውም ድምሩን ይዞ ነው። ስለዚህ የአንዱ ጫፍ ዝም ማለት እንደ ጉድለት አይቆጠርም። እንዲያውም ዕድሉ ዝቅ ማለቱ ለማስተካከል ቦታ ይሰጣል፤ 20 የነበረውን ወደ 40 ማሳደግም ወደ 10 ማውረድም ይቻላል። ሁልጊዜ 100 በመቶ ቢሆን ኖሮ ወደ ላይ የሚሄድበት አይኖረውም ነበር።

ዕድሉ ራሱም ቋሚ አይደለም፤ ጫፉ ትንሽ ቀደም ብሎ የሆነውን ይዞ ይቆያል። ሁለተኛ ምልክት ከመጀመሪያው በኋላ በጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶች ውስጥ ከደረሰ፣ በመጀመሪያው የገባው ካልሲየም ገና ተጠርጎ አላለቀም፤ ስለዚህ ሁለተኛው የማስለቀቅ ዕድሉ ከፍ ይላል። መጀመሪያውኑ ዕድሉ ከፍተኛ የሆነ ጫፍ ደግሞ ዝግጁ ከረጢቶቹን በመጀመሪያው ምልክት ስለሚያወጣቸው ሁለተኛው ይደክማል። ከአንድ ነርቭ የወጡ ሁለት ጫፎች እንኳ፣ ያው ምልክት ደርሷቸው፣ አንዱ እየጠነከረ ሌላው እየደከመ ሊሄድ ይችላል። «ነርቩ ተነቃቅቷል» ብሎ ስለ ልቀቱ መደምደም የማይቻለው ለዚህ ነው።

«በጥቂት በጥቂቱ ይፈስሳል»

ልቀት በልክ በልክ ነው የሚወጣው። እህል በቁና እንደሚሰፈር ነው፤ አንድ ቁና፣ ሁለት ቁና፣ ሦስት ቁና ይሆናል እንጂ በመካከል የለም።

ይህን ያሳዩት በርናርድ ካትዝና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ ሲሠሩ፣ ነርቩ ሳይነካ እንኳ ግማሽ ሚሊቮልት ገደማ የሚሆኑ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ለውጦች ጡንቻው ላይ በየመካከሉ ብቅ እንደሚሉ አዩ። ካልሲየሙን ቀንሰው ነርቩን ሲያነቃቁ ደግሞ የሚመጣው መልስ የዚያች ትንሽ ለውጥ 1 እጥፍ፣ 2 እጥፍ፣ 3 እጥፍ ሆነ፤ አንዳንዴም ዜሮ። ካትዝ በ1970 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። እያንዳንዱ ስፍር 40 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ባለው፣ በውስጡ ጥቂት ሺህ ሞለኪውሎችን በያዘ ከረጢት እንደሚወጣ ዛሬ የታወቀ ነው።

ይህ በሽታን ለመለየት ይጠቅማል። ሁለት ሕመምተኞች ጡንቻቸው ደክሞ መጡ እንበል። አንደኛው ላይ እነዚያ ነርቩ ሳይነካ የሚመጡት ትንንሽ ለውጦች ራሳቸው አንሰዋል፤ ስፍሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ኒውሮትራንስሚተሩ የሚያርፍበት ፕሮቲን፣ ማለትም ተቀባዩ ነው የቀነሰው። ማያስቴኒያ ግራቪስ ይህ ነው፤ የሰውነት መከላከያ የጡንቻውን ተቀባዮች ያጠቃል። ሁለተኛው ላይ ትንንሾቹ መጠናቸውን እንደያዙ ናቸው፣ ነገር ግን ምልክት ሲመጣ የሚወጣው የስፍር ብዛት ቀንሷል። እዚህ ጥቃቱ ጫፉ ላይ ባሉት የካልሲየም መግቢያዎች ላይ ነው፤ ላምበርት ኢተን ይባላል። ሁለቱም ጡንቻ ያደክማሉ። ሁለተኛው ላይ ግን ታማሚው እጁን ለጥቂት ሰከንድ አጥብቆ ከጨበጠ በኋላ ጉልበቱ ለጊዜው ሻል ይላል፤ በተደጋጋሚ ምልክት ካልሲየም ስለሚጠራቀም ነው። ከላይ ስለ ሁለተኛው ምልክት ያልነው ነገር እዚህ አልጋ ላይ ይታያል ማለት ነው።

«ካልሲየሙ በግማሽ ቢቀንስ ልቀቱ በግማሽ ይቀንሳል»

ምልክቱ ጫፉ ጋ ሲደርስ የካልሲየም መግቢያዎች ይከፈታሉ፤ በአንጎል ውስጥ በብዛት ፒ/ኪው እና ኤን የሚባሉት ዓይነቶች ናቸው። በእረፍት ጊዜ ከውጭ ያለው ነፃ ካልሲየም ከውስጡ 10,000 እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ፣ መግቢያው እንደተከፈተ ተንደርድሮ ይገባል። ከዚያ ከረጢት እስኪለቀቅ 1 ሚሊሰከንድ አይሞላም። ይህን ያህል የሚፈጥነው ዝግጁዎቹ ከረጢቶች ከመግቢያዎቹ አጠገብ፣ በናኖሜትር በሚለካ ርቀት ተደግነው ስለሚጠብቁ ነው።

ብዙዎች የሚስቱት ግንኙነቱ ቀጥተኛ አለመሆኑን ነው። ዶጅና ራሃሚሞፍ እ.ኤ.አ. በ1967 በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ እንዳሳዩት፣ ካልሲየሙ ዝቅተኛ በሆነበት ክልል ልቀቱ ካልሲየሙን ወደ አራተኛ ኃይል ገደማ ተከትሎ ይሄዳል። ካልሲየሙ በእጥፍ ሲጨምር ልቀቱ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል፤ በግማሽ ሲቀንስ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። የሚገባው ካልሲየም 30 በመቶ ብቻ ቢቀንስ እንኳ በዚህ ስሌት የሚቀረው ልቀት ሩብ ያህል ነው። አንጎል ይህን ይጠቀምበታል። ልቀትን የሚገቱት አብዛኞቹ ተቀባዮች መግቢያዎቹን በጥቂቱ ጠበብ ያደርጋሉ፤ ጫፉም ዝም ይላል።

ይህን በየቀኑ የሚያዩት አዋላጅ ነርሶች ናቸው። በሞጣም ሆነ በቢቸና፣ በእርግዝና ደም ግፊት ለምትንቀጠቀጥ እናት ማግኒዥየም ሰልፌት ይሰጣታል። ማግኒዥየም በካልሲየም መግቢያ ላይ ከካልሲየም ጋር ይሻማል። መጠኑ በደም ውስጥ ከፍ ሲል ነርቭ ከጡንቻ በሚገናኝበት ቦታ የሚለቀቀው ኒውሮትራንስሚተር፣ አሴቲልኮሊን፣ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ ተከታይ መርፌ በፊት የጉልበት ጅማት የሚመታው። ሌሊት ነው እንበል፤ ተለማማጇ በመዶሻው መታ አድርጋ ትጠብቃለች። እግሩ አይነሳም። እንደገና ትመታለች።

«ሲስተር፣ እግሯ አልመልስ አለ።»

«መርፌውን አስቀምጪው። ትንፋሿን ቁጠሪ፣ ሽንቷን እዪልኝ።»

ያች አዋላጅ ያየችው የነርቭ ጫፍ ልቀት መውረዱን ነው። የጉልበት መልስ የሚጠፋው መተንፈሻ ጡንቻ ከመዛሉ በፊት ስለሆነ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 በታች ከወረደ ወይም ሽንት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ መርፌው ይቆያል፤ ትንፋሽ ከቆመ አየር እየተሰጣት ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም በደም ሥር በዝግታ ይገባል። ካልሲየሙ ከማግኒዥየሙ ጋር ያለውን ሽሚያ ወደ ራሱ ያጋድለዋል፣ ልቀቱም ይመለሳል። አንድ ነገር ግን መለየት አለበት፦ ማግኒዥየም አንጎል ላይ መንቀጥቀጥን የሚከላከለው በዚህ መንገድ ብቻ አይደለም፤ ግሉታሜት የተባለው አነቃቂ ኒውሮትራንስሚተር የሚያርፍበትን ኤንኤምዲኤ የሚባለውን ተቀባይም ይዘጋል። ጉልበቱ የሚነግረን የጡንቻውን በኩል ነው።

«በደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል»

ያለፈውን ክፍል በደንብ የገባው ተማሪ ነው እዚህ የሚወድቀው። ካልሲየም ልቀትን የሚያስነሳ ከሆነ፣ ሲያንስ ጡንቻ መድከም አለበት ብሎ ያስባል። በሽተኛው ግን ተቃራኒውን ያሳያል፤ ጣቶቹ ይጨብጣሉ፣ ከንፈሩ ዙሪያ ይደነዝዛል፣ ጡንቻው ይኮማተራል።

ምክንያቱ ካልሲየም ሌላም ሥራ ስላለው ነው። ከነርቩ ግድግዳ ውጭ ያለው ካልሲየም የሶዲየም መግቢያዎች በቀላሉ እንዳይከፈቱ ያረጋጋል። ሲቀንስ ነርቩ በትንሽ ሰበብ ምልክት ይተኩሳል። የመርጋቱ መጥፋት ልቀቱን ለመጉዳት የሚያስፈልገው መቀነስ ገና ሳይደርስ ቀድሞ ይታያል። ጫፉ ከእያንዳንዱ ምልክት የሚለቀው ትንሽ ቢያንስ እንኳ ምልክቶቹ ስለሚበዙ ጡንቻው ይጨማደዳል። ሁለት ሥራ ያለውን ነገር አንድ ሥራ ብቻ ይዞ መተንበይ አይቻልም።

በተያያዘ፦ ወተት መጠጣት ወይም የካልሲየም እንክብል መዋጥ «አንጎልን ያነቃቃል» የሚለው መሠረት የለውም። ጤናማ ሰውነት የደሙንም የአንጎል ፈሳሹንም ካልሲየም በጠባብ ልክ ውስጥ ይይዛል።

«መንጋጋ ቆልፍና ቦቱሊዝም ተቃራኒ መርዞች ናቸው»

ከረጢቱ ከጫፉ ግድግዳ ጋር እንዲዋሃድ የሚያደርጉት ስኔር የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱ፣ ሲናፕቶብሬቪን፣ ከረጢቱ ላይ አለ፤ ሁለቱ፣ ሲንታክሲንና ስናፕ-25፣ ግድግዳው ላይ ናቸው። ሦስቱ እርስ በርሳቸው እየተገመዱ ከረጢቱን ወደ ግድግዳው ይስቡታል። ሲናፕቶታግሚን የሚባለው ደግሞ ካልሲየሙን ይይዝና የመጨረሻውን ትእዛዝ ይሰጣል። ሌሎች ረዳቶችም አሉ፦ ሙንክ18፣ ሙንክ13፣ ሪም፣ ኮምፕሌክሲን። ከረጢት ገና ሳይታዘዝ ቦታው ላይ ተሰልፎ እንዲጠብቅ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው። ከረጢቶች በሴል ውስጥ ስለሚጓዙበትና ስለሚዋሃዱበት መንገድ ጄምስ ሮዝማን፣ ራንዲ ሼክማንና ቶማስ ዙድሆፍ በ2013 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

መንጋጋ ቆልፍ (ቲታነስ) በአፈርና በእበት ውስጥ ከሚኖር ተህዋስ ይመጣል። ባዶ እግሩን ሲያርስ የቆሰለ ገበሬ፣ እትብቱ በንጹሕ መሣሪያ ያልተቆረጠ ሕፃን ይያዛሉ። ሰውነት ይገተራል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ትንሽ ድምፅ ያንፈራግጣል። ቦቱሊዝም ደግሞ በአግባቡ ካልታሸገ ምግብ ሊመጣ ይችላል፤ ሰውነት ይልፈሰፈሳል፣ ዐይን ይከደናል፣ መዋጥ ያቅታል። አንዱ ሲገትር ሌላው ያልፈሰፍሳል፤ ስለዚህ ተማሪው አንዱ ልቀትን ይጨምራል ሌላው ይቀንሳል ብሎ ይጽፋል።

ሁለቱም ልቀትን ያቆማሉ። ሁለቱም የስኔር ፕሮቲኖችን የሚቆርጡ መቀሶች ናቸው። የቲታነስ መርዝና ቦቱሊዝምን የሚያመጣው መርዝ፣ የቦቱሊነም፣ ቢ ዓይነት እንዲያውም ሲናፕቶብሬቪንን በአንድ ቦታ ላይ ነው የሚቆርጡት። ልዩነቱ የሚቆርጡበት ነርቭ ነው። ቦቱሊነም ጡንቻን በሚያዝዘው ነርቭ ጫፍ ላይ ይቀራል፣ አሴቲልኮሊን እንዳይለቀቅ ያደርጋል፣ ጡንቻው ትእዛዝ ያጣል። የቲታነስ መርዝ ግን በነርቩ ውስጥ ወደ ላይ፣ ወደ ኅብለ ሰረሰር ይጓዛል፤ እዚያ ያንን ነርቭ ወደሚገቱት ሴሎች ይሻገርና ግላይሲንና ጋባ የተባሉት ገቺ ኒውሮትራንስሚተሮች እንዳይለቀቁ ያደርጋል። ልጓሙ ሲቆረጥ ነርቩ ያለ ገደብ ያዝዛል።

ይህ ሌላም ነገር ያስረዳል። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ፀረ መርዝ የሚሰጠው ገና ነርቭ ውስጥ ያልገባውን መርዝ ለመያዝ ነው፤ የገባውን አያወጣውም። የተቆረጠው ፕሮቲን በአዲስ እስኪተካ ሳምንታት ይፈጃል፤ በሽተኛው በጨለማና ጸጥ ባለ ክፍል፣ በዲያዜፓም እየተረጋጋ መቆየት ያለበት ለዚህ ነው። ዲያዜፓም ልቀቱን አይመልስም፤ የቀረውን ጋባ ተቀባዩ ላይ ያጠናክረዋል። ነፍሰ ጡር እናት የምትወስደው ክትባት ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ለክትባት የሚያመነታ ቤተሰብ ካለ ይህን ንገሩት።

«ከረጢቶቹ ሁሉ ለመልቀቅ ዝግጁ ናቸው»

አይደሉም። ትንሽ የሂፖካምፐስ ጫፍ 200 ገደማ ከረጢቶች ሊኖሩት ይችላል፤ ከእነዚህ ወዲያው ለመለቀቅ የቆሙት ከ5 እስከ 10 ያህል ናቸው። የቀሩት በመጠባበቂያነት፣ ሲናፕሲን በሚባል ፕሮቲን ተያይዘው ይቆያሉ። ያለቀውም ከሴሉ አካል አዲስ እስኪላክ አይጠብቅም፤ የተዋሃደው ግድግዳ እዚያው ጫፉ ላይ ተመልሶ ከረጢት ይሆናል፣ እንደገና ይሞላል። ሂውዘርና ሪስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1973 በእንቁራሪት ጡንቻ ነርቭ ላይ አሳይተዋል።

«ተቀባይ ያለው በሚቀበለው ሴል ላይ ብቻ ነው»

የነርቭ ጫፍ ራሱ ተቀባዮች አሉት፤ የልቀት ቁጥጥር ዋናው መላ እዚህ ነው። ኖርአድሬናሊን የሚለቅ ጫፍ አልፋ-2 የሚባል ተቀባይ ተሸክሟል፤ የለቀቀው ነገር ተመልሶ ሲነካው «ይብቃህ» ይለዋል፣ የካልሲየም መግቢያዎቹ ይጠብባሉ። ዶፓሚን ለሚለቀው ዲ2፣ ለሴሮቶኒን 1ቢ፣ ለጋባ ጋባ-ቢ እንዲሁ ያገለግላሉ። ለነፍሰ ጡር ደም ግፊት የሚሰጠው ሜቲልዶፓ በሰውነት ውስጥ ተለውጦ አንጎል ውስጥ ያሉትን የአልፋ-2 ተቀባዮች ያነቃቃል፤ እነዚህ ተቀባዮች ጫፍ ላይ ብቻ ሳይሆን የሴሉ አካል ላይም ይገኛሉ፣ ወደ ልብና ወደ ደም ሥሮች የሚወርደውንም ትእዛዝ ያለዝቡታል።

አንድ ጫፍ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ይሰማል፤ ለዚህ ከቡና የተሻለ ምሳሌ የለንም። የዘጌን ቡና የጠጣ ሰው «ጉልበት ሰጠኝ» ይላል። ካፌይን ግን ነርቭን ገፍቶ አያስለቅቅም። አንጎል ነቅቶ በሠራ መጠን አዴኖሲን የሚባል ነገር በሴሎች መካከል ይጠራቀማል። አዴኖሲን ጫፍ ላይ ያለውን ኤ1 ተቀባይ ሲነካ የካልሲየም መግቢያዎች ይጠብባሉ፤ በተለይ የግሉታሜት ልቀት ይወርዳል። ካፌይን እዚያ ተቀባይ ላይ ይቀመጣል፣ አያነቃቃውም፣ ለአዴኖሲንም ቦታ አይለቅም። የተያዘው ልጓም ይላላል፤ ያ ብቻ ነው። እንቅልፍን በማባረር ረገድ ኤ2ኤ የሚባለው ሌላው የአዴኖሲን ተቀባይም ትልቅ ድርሻ አለው። ድካሙ ግን አልተከፈለም፤ አዴኖሲኑ እዚያው አለ፣ ካፌይኑ ሲወጣ ቦታውን ይይዛል።

በአዋቂ ሰው ላይ የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የተነሳ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ግማሽ ያህሉ ገና አብሮት ነው። በእርግዝና መጨረሻ ወራት ይህ ጊዜ በእጅጉ ይረዝማል፤ ነፍሰ ጡሯ ሦስተኛውን ሲኒ ብትተው ጎረቤት አይቀየምባት።

በድብርት ታክመው ፍሉኦክሰቲን የሚወስዱ ሰዎችም ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ። መድኃኒቱ የተለቀቀው ሴሮቶኒን ወደ ጫፉ ተመልሶ እንዳይሰበሰብ የሚከለክለው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ለውጡ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ከምክንያቶቹ አንዱ በሴሉ አካልና በጫፉ ላይ ያሉት የሴሮቶኒን ተቀባዮች ብዛቱን አይተው ልቀቱን መቀነሳቸው ነው፤ ከሳምንታት በኋላ ሲደነዝዙ ልቀቱ ይነሳል። «አልሠራልኝም» ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ለሚያቆም ታማሚ ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል።

«ሁሉም ልቀት በካልሲየምና በከረጢት ነው፣ ሁልጊዜም ወደ ፊት»

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ዋናው መንገድ ነው፤ ከዚያ የሚወጡ አሉ። በባሕር ዳር ዙሪያ የሚበቅለው ጫት አንዱ ነው። ጫት ሻጭ ቅጠሉን እርጥብ አድርጎ፣ በሌላ ቅጠል ጠቅልሎ የሚይዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ካቲኖን የተባለው ዋናው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲደርቅ ደካማ ወደሆነው ካቲን ይለወጣል። ካቲኖን ዶፓሚንን ከውጭ ወደ ጫፉ በሚመልሰው ማጓጓዣ በኩል ይሠራል፤ ማጓጓዣውን አቅጣጫ ያስቀይረዋል። በውስጥ የነበረው ዶፓሚን የኤሌክትሪክ ምልክት ሳይጠብቅ በዚያው በር ይወጣል። ዲ2 የከረጢት ልቀትን ቢገታም፣ በጎን የሚወጣውን ይህንን ማስቆም አይችልም። ምርቃና የሚባለው ስሜት ውስጥ የዚህ ድርሻ አለበት፤ በማግሥቱ የሚከተለው መፍዘዝም ከዚሁ ተለይቶ አይታይም።

አቅጣጫም ይገለበጣል። ተቀባዩ ሴል ከራሱ ግድግዳ ቅባት ኢንዶካናቢኖይድ የተባለ ነገር ያመነጫል፤ በከረጢት አያከማቸውም፣ ሲያስፈልግ ነው የሚሠራው። ይህ ወደ ኋላ ሄዶ የላኪው ጫፍ ላይ ያለውን ሲቢ1 ተቀባይ ይነካል፣ ልቀቱን ይቀንሳል። ተቀባዩ ለላኪው «ቀንስልኝ» ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከአንድ በላይ የተመራማሪ ቡድኖች ይህን በአንጎል ውስጥ አሳይተዋል። ሐሺሽ የሚሠራው እዚያው ተቀባይ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ከውጭ የመጣው በተፈለገበት ቦታና ቅጽበት ሳይወሰን ሁሉንም ጫፍ በአንድ ላይ መንካቱ ነው።

«ውጤቱ ከበዛ ልቀቱ በዝቷል»

ይህን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት እዚህ ሀገር ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ ነው። በመራዊ ዙሪያ በቆጋ መስኖ ሽንኩርት ወይም ድንች የሚረጭ ገበሬ ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል ሲውል ኦርጋኖፎስፌት በሚባሉ ፀረ ተባዮች ሊመረዝ ይችላል፤ ማላታይን ከነዚህ አንዱ ነው። ምራቁ ይፈስሳል፣ ያነባል፣ የዐይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ያልበዋል፣ መተንፈስ ያቅተዋል። አሴቲልኮሊን በዝቷል። ልቀቱ ግን አልጨመረም። የተለቀቀውን የሚሰባብረው ኢንዛይም ታስሮ ነው። ስለዚህ አትሮፒን ሲሰጥ ልቀትን ለማቆም አይደለም፤ በምራቅ እጢ፣ በሳንባና በልብ ላይ ያሉትን ተቀባዮች ለመዝጋት ነው። የጡንቻ ተቀባዮች ሌላ ዓይነት ስለሆኑ አትሮፒን የጡንቻውን መዛል አያስተካክልም፤ ትንፋሹን መከታተል ማቆም አይገባም። የታሰረውን ኢንዛይም የሚፈታው ፕራሊዶክሲም ነው፤ እርሱም ቶሎ ካልተሰጠ አይጠቅምም። የተመረዘ ሰው ሲወሰድ ልብሱ ይውለቅ፣ ገላው በሳሙና ይታጠብ፣ የፀረ ተባዩ ጠርሙስም አብሮ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጓያም እንዲሁ ይምታታል። ድርቅ ሲሆን ሌላው ሰብል ሲደርቅ ጓያ ድርቁን ይቋቋማል፤ ለዚህ ነው በችግር ጊዜ ሰው የሚመካበት። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ያስራል፤ ሰውየው በጣቶቹ እየረገጠ፣ ጉልበቱ እየተቆላለፈ ይሄዳል። ብዙ ተማሪዎች «ግሉታሜት በብዛት ስለሚለቀቅ ነው» ብለው ያብራራሉ። ጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ ግሉታሜትን ይመስላል፤ አምፓ የተባለውን የግሉታሜት ተቀባይ በቀጥታ ይነካል። ለዚህ የማንም ነርቭ ጫፍ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ካልሲየም መግቢያ፣ ስኔር፣ ኤ1 ተቀባይ ሁሉ ከመንገዱ ውጭ ናቸው። ልቀትን የሚቀንስ መድኃኒት ቢሰጥ ኦዳፑ እዚያው ተቀባዩ ላይ ነው። የታሰረውን እግር ወደ ነበረበት የሚመልስ መድኃኒት የለም። የሚቻለው ቀደም ብሎ፣ ማዕድ ቤት ውስጥ ነው፦ ኦዳፕ በውሃ ስለሚሟሟ ጓያው ይዘፍዘፍ፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋ፣ በአዲስ ውሃ ይቀቀልና ያም ውሃ ይደፋ፤ ብቻውንም አይበላ፣ ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከበቆሎ ጋር ይቀላቀል፣ ወራቱን ሙሉም የቤቱ ዋና ምግብ አይሁን።